ሀጂራ የተቀመጠችበት ቀን

ሀጂራ ቁጭ ማለት አትችልም ነበር። ሥራ ትወዳለች ማለቴ አይደለም፤ ሥራ የሚወድ ሰው ሲደክመው ይቀመጣል። እሷ ግን ወንበር የሚፋጃት ይመስል ነበር። ሲያትል አጠገብ፣ ቡሪየን ውስጥ በተከራየኋት ባለ አንድ መኝታ ቤት ሶፋዬ ላይ ታድራለች። ኤርፖርት አውሮፕላን ሳጸዳ ውዬ ስመለስ ሁልጊዜ ቆማ ነው የማገኛት፤ ወይ መስኮቱ ጋ፣ ወይ ምድጃው ጋ፣ ወይ ደግሞ ምንም ሥራ በሌለበት በሳሎኑ መሐል። ጣሪያችንን ታኮ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቀና ትልና፣ "ይሄ ወዴት ነው የሚሄደው፣ ሠርኬ?" ትለኛለች። እኔ መቀመጫ ሥር የወደቀ ኦቾሎኒ የምለቅም ሴት ከየት አውቄ! "አላስካ" እላታለሁ፣ እንድትተወኝ።

ሻይ ልቅዳልሽ ስላት ፔርሙሱን ከእጄ ትነጥቀኛለች። መጀመሪያ ለእኔ ትቀዳና የራሷን ስኒ ይዛ ቆማ ትጠጣለች።

"ኧረ ባክሽ ተቀመጪ፣ አዞርሽኝ እኮ!"

ትቀመጣለች። ትንሽ ቆይቼ ዘወር ስል ቆማለች።

ያገኘኋት በፈረንጆቹ 1997 መጀመሪያ፣ ዒድ ባለፈ ሰሞን፣ ቸሪ መንገድ ላይ ካለው የሀበሻ ሱቅ ነው። እኔ ሽሮ ልገዛ ገብቼ እሷ በሩ አጠገብ ቆማለች። በዚያ ብርድ ነጠላ ጫማ አድርጋለች፤ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገችው የሕፃን ልጅ ጃኬት ነው። ባለሱቁ ምን ልታዘዝ ቢላት፣ "ምንም፤ ሰው ፈልጌ ነው" አለችው። ማንን ሲላት፣ "ማንንም" አለች። በሬድመንድ ኮረብታ ላይ ካለ አንድ ትልቅ ቤት የቆሻሻ በርሜል ልታወጣ ወጥታ፣ በርሜሉን ካቆመች በኋላ ወደ ቤት መመለሱን ትታ ቁልቁል ነው የሄደችው። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር አዘነላትና አሳፍሮ፣ አውቶቡስ አስቀይሮ፣ "ያንቺ ዓይነት ሰዎች እዚህ አሉ" ብሎ ቸሪ ላይ አወረዳት። ያ ሰውዬ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ሽሮዬንም እሷንም ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ታሪኳን የነገረችኝ በአንድ ቀን አይደለም፤ ዕቃ እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ጥቂት በጥቂት ነው። የተወለደችው ወሎ፣ ከሐይቅ በላይ ካለ መንደር ነው። አባቷ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሞተ። እናቷ እማማ ዘሀራ ብቸኛ ልጇን ከረሀብ ለማትረፍ ብላ፣ "እንደ ልጅ እናሳድጋታለን" ላሏት የደሴ ሀብታሞች ሰጠቻት። እንደ ልጅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አገራችን ያደገ ያውቀዋል፤ ከልጆቹ በፊት ትነሣለች፣ ከልጆቹ በኋላ ትበላለች። ካደገች በኋላ የቤቱ ልጅ ወይዘሮ ኢልሀም አሜሪካ ሆና መንታ ወለደችና ሀጂራን አስመጣቻት። ቪዛው የተጠየቀው የእህት ልጅ ናት ተብሎ ነው። ገና ኤርፖርት ሳሉ የኢልሀም ባል፣ ኢንጂነር ዓብዱልሀሚድ፣ ፓስፖርቷን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወዲያ አላየችውም።

አምስት ዓመት ሞላት። ደመወዝ የለ፣ እረፍት የለ፣ ብቻዋን ከደጅ መውጣት የለ። ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሰው እስር ቤት ይወረውራል ብለው አስፈራርተዋታል። በሩ ግን አይቆለፍም ነበር፤ ይህችን በሩ ያለመቆለፉን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ መከራችንን አብልታናለች።

"ታዲያ ለምን ቀደም ብለሽ አልወጣሽም?" አልኳት አንድ ቀን። ያኔ ነው እጇን ከውሃው አውጥታ ወደ እኔ የዞረችው።

"የእናቴ ወሬ የሚመጣው በእነሱ አፍ ነዋ። በዒድ በዒድ እትዬ ደሴ ይደውላሉ። 'እናትሽ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች' ይሉኛል። ከወጣሁ ማን ይነግረኛል?"

በዚያ ዓመት ዒድ ግን፣ "ድምፅዋን ብቻ ያሰሙኝ" ብላ ለምና ነበር። እትዬ መስመሩ አይሰማም አሉ። እትዬ የምትላት ኢልሀምን ነው። ሀጂራ እናቷ መታመሟን የጠረጠረችው ያን ቀን ነው፤ የቆሻሻ በርሜሉንም ትታ የሄደችው በማግሥቱ። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ፓስፖርቷን ተቀብላ እናቷ ሳትሞት መድረስ። መንደሩ ስልክ የለውም። በሰው በሰው መልእክት ብንልክም መልስ አልመጣም። ስለዚህ ትቆማለች፤ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቀና ትላለች።

ለድሆች በነፃ የሚቆሙ ጠበቆች ቢሮ ወሰድኳት። የደረሰችን ካረን የምትባል፣ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ ፈረንጅ ናት። ነገሩን በአስተርጓሚ ሰምታ ስትጨርስ፣ "ይሄ በዚህ አገር የተከለከለ ነገር ነው፤ ሰውን ያለ ፈቃዱ ይዞ ማሠራት" አለች። ከሰሰች። ፓስፖርቷ ይመለስ፣ የሥራዋ ዋጋ ይከፈላት፣ ከሁሉም በላይ ፍርድ ቤቱ ይህች ልጅ ነፃ ሰው ናት ይበል ተብሎ ተጻፈ። የእነ ኢልሀም መልስ አጭር ነበር፤ ዘመዳችን ናት፣ እንደ ልጅ ነው የያዝናት፣ ቤተሰብ ውስጥ ደመወዝ የለም፣ በሩም ክፍት ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ዳኛዋ ሳይገቡ ቀደም ብለን ተቀምጠን ሳለ ኢልሀም ከባሏ ጋር ገባች። ረዥም ካፖርት፣ ሽቶ፣ የቆዳ ቦርሳ። ሀጂራ ተስፈንጥራ ተነሣች! አንገቷን ደፍታ፣ ሁለት እጇን እሆዷ ላይ አድርጋ፣ ኢልሀም እስክትቀመጥ ድረስ ቆመች። የእነሱ ጠበቃ ዓይኑን አልነቀለም። ኋላ ተራው ሲደርስ ይህንኑ መነሣቷን መልሶ መላልሶ ጠየቃት፤ "ዛሬ ያ ሁሉ ክብር ለማን ነው? ለአሳሪሽ? ወይስ ለአክስትሽ?" ሀጂራ አስተርጓሚውን አየች፣ እኔን አየች። እኔ ጥርሴን ነክሼ ወንበሩን ጨበጥኩት። ያን ሰውዬ በአማርኛ ብሰድበው ኖሮ ዛሬም እስር ቤት ነበርኩ።

"ኦኬ፣ በሚቀጥለው እንዳትነሣ" አለችኝ ካረን መተላለፊያው ላይ። "ቀላል ነው።"

ቀላል! ቤቴ ውስጥ ልምምድ ጀመርን። እኔ ኢልሀምን ሆኜ፣ የሥራ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ፣ በበሩ እገባለሁ፤ እሷ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች። ገና ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ ወርወር ሳደርግ ሀጂራ ብድግ።

"ተቀመጪ!" እላለሁ።

ቁጭ ትላለች፤ እሱም በትእዛዝ ሆነብን። ሳቅን፣ ከልባችን ሳቅን፤ ግን ደጋግመን ሞክረን አልሆነም። "እኔ እኮ አላስብም" አለችኝ። "እግሬ ነው የሚነሣው።"

በዚያው ሰሞን ሽማግሌዎች መጡብን። ሐጂ ዓብዱልባሲጥ ዋናው ናቸው፤ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆነው የሚሠሩ፣ አርብ አርብ ሰዉን የሚያሰግዱ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አንቱ ብሎ የሚቆምላቸው የወሎ ሰው። ሁለት ሌሎች አስከትለው ሳሎኔ ውስጥ ተቀመጡ። ሀጂራ ጣሳና ሳፋ ይዛ እጃቸውን አስታጠበች። ስትንበረከክ ሳያት ደሜ ፈላ።

"ልጄ" አሏት ሐጂ፣ "የወገንን ገመና ፈረንጅ ፊት ማስጣት ደግ አይደለም። ነገሩን ለእኛ ስጪን፤ እናስታርቃችሁ።"

"ሐጂ ይቅርታ ያድርጉልኝና" አልኩ እኔ ጣልቃ ገብቼ፣ "አምስት ዓመት ሙሉ የት ነበራችሁ? ሶ አሁን ፍርድ ቤት ስትሄድ ነው ወገን የሆነችው?"

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ሐጂ ግን አልተቆጡም። ሀጂራ ሳፋውን እንደያዘች፣ "አባቴ፣ ፓስፖርቴን ይስጡኝና እናቴን ልያት። ሌላ ምንም አልል" አለች። ሐጂ ይህችን ይዘው ሬድመንድ ሄዱ። ኢልሀምም አለቀሰችላቸው፤ "እናቷ ዘሀራ እኮ የአክስቴ ልጅ ናት! የገዛ ሥጋዬ ትከሰኝ?" አለች። ፓስፖርቱን ግን አልሰጠችም፤ ክሱ ሳይነሣ አይሆንም አለች።

ሐጂ እንግዲህ ደግ ሰው ናቸው። ዘዴ አሰቡ። ደሴ ላለ የአጎታቸው ልጅ ደውለው፣ "ከሐይቅ በላይ ዘሀራ የምትባል ሴት አለች። ከተማ አምጣልኝ፤ ስልክ ላይ ላቀርባትና ልጇን ትገሥጽልኝ፣ ዘመዶቹን ላስታርቅ" አሉት። ለእኛም ነገሩን። ሀጂራ ያን ቀን በሳሎኑና በኩሽናው መሐል ስትመላለስ ዋለች፤ ፊቷን አምስት ጊዜ ታጠበች መሰለኝ፣ በስልክ የምትታይ ይመስል። "ምን ብዬ ልጀምር?" ትላለች። "አሰላሙ አለይኩም እማ ልበል፣ ወይስ እኔ ነኝ ልበል?" ስልኩ ሳይጮህ ቀረ። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም። ሐጂ ቤት ኮል ባደርግ፣ "ገና ነው" ብለው ዘጉት። ከዚያ እኔም እንደ ሀጂራ መቆም ጀመርኩ። ያ የማያልቀው የሲያትል ዝናብም ጀምሯል፤ መስኮቱ ላይ ሁለት ሆነን እንቆማለን።

ከዚያ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ለሥራ ልወጣ እየለበስኩ ነው። በቀዳዳው ባይ ሐጂ ናቸው። ይሄ ሽምግልና ሰው አያስተኛም እንዴ ብዬ በንዴት ከፈትኩና፣ "ሐጂ፣ እንኳን በዚህ ሰዓት በቀንም ቢሆን እሺ አንልም!" አልኳቸው። ከኋላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ሀዋ አሉ፤ ከእሳቸው ኋላ ሌሎች ሴቶች ደረጃው ላይ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ጥቁር ነጠላ አዘቅዝቀዋል። እጄ በሩ ላይ ቀረ። በማለዳ፣ ተሰብስቦ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ ሀበሻ ሆኖ የማያውቅ የለም። መርዶ ነው።

ሀጂራ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች፤ ሻይ ልትጥድ ውሃ ቀድታ። አየቻቸው። ድስቱን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

"እናቴ ናት?" አለች።

"አላህ ያጽናሽ፣ ልጄ" አሉ ሐጂ፣ ድምፃቸው ተሰበረ። ሴቶቹ ያዟት። ጩኸቷን ጎረቤቶቼ ዛሬም ያነሡታል።

እማማ ዘሀራ ከሞተች ዓመት አልፏታል። ባለፈው ሳይሆን በዚያኛው ረመዳን ነው። የኢልሀም እናት ቤተሰብ ቀብሩ ላይ ነበሩ፤ በዚያው ሳምንት ለኢልሀም በስልክ ነግረዋታል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዒዶች ግን ኢልሀም ለሀጂራ "እናትሽ ሰላም ብላሻለች" እያለች ነበር። በሞተች ሴት ሰላምታ ነው ያቆየቻት። ይህን ከደሴው የአጎታቸው ልጅ ሰምተው የነገሩኝ ሐጂ ራሳቸው ናቸው፣ መተላለፊያው ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው።

"በዚያ ረመዳን፣ በዚያው ሳምንት፣ እኔ እነሱ ቤት አፍጥሬአለሁ" አሉኝ። "ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ፣ ኢልሀም እጇን ሂና ተቀብታ። ያን ቀን እጄን ያስታጠበችኝ ይህች ልጅ ናት። እናቷ አፈር ገብታ እሷ ውሃ ታፈስልኛለች። ያ ረቢ፣ ምን ዓይነት ውሃ ነው የታጠብኩት!"

ለቅሶው እኔ ቤት ሆነ። ሶፋውን ወደ መኝታ ክፍል ገፍተን ፍራሽ መሬት አነጠፍን። ከቸሪ፣ ከጃክሰን፣ ከየት የማላውቀው ሁሉ መጣ፤ ክርስቲያኑ የክርስቲያን፣ እስላሙ የእስላም ምግብ ይዞ፣ ጫማው መተላለፊያውን ሞልቶ። መኪና ፓርክ የሚያደርግበት አጥቶ የተጣላ ሁሉ ነበር። ሀጂራ ፍራሹ ጥግ ላይ፣ በወይዘሮ ሀዋ አጠገብ ተቀመጠች።

በሁለተኛው ቀን ኢልሀም መጣች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ "የአክስቴ ልጅ! ዘሀራዬ!" እያለች ገባች። ለቅሶ ቤት ሰው አይከለከልም፤ እኔም ልከለክላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እውነቱን ለመናገር እንባዋ የውሸት አልመሰለኝም። ምናልባት እሷም ራሷ ለዘሀራ ያለቀሰችው ገና ያን ቀን ነው። መጥታ ሀጂራ ፊት ቆመች።

የሀጂራ እጅ ፍራሹን ተመረኮዘ። አየሁት። ጉልበቷ ሊነሣ ተንቀሳቀሰ። ወይዘሮ ሀዋ ሳያዩአት፣ እጃቸውን ብቻ ጉልበቷ ላይ አሳረፉ።

"ሀዘንተኛ አይነሣም" አሉ፣ ቀስ ብለው።

እውነት ነው። ንጉሥ ቢመጣ ሀዘንተኛ አይነሣም፤ የሚመጣው ነው ጎንበስ የሚለው። ሀጂራ እጇን ከፍራሹ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች። ኢልሀም ቆማ ጠበቀች። ማንም ተቀመጪ አላላት፣ ማንም አልተጠጋላትም። በመጨረሻ ወደ ኋላ ተመልሳ በሩ አጠገብ፣ ጫማዎቹ ጋ፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሆና ሀጂራን ስታይ አንገቷን ቀና ማድረግ ነበረባት።

ሐጂ ከለቅሶው በኋላ ካረን ቢሮ በራሳቸው እግር ሄዱ። "የወገን ገመና" ያሉን ሰው ሱፋቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው ምስክር ሆነው ቀረቡ። የእነ ኢልሀም ጠበቃ መርዶ ምን እንደሆነ ተነግሮት ነበርና ተዘጋጅቶ መጣ። "በእናንተ ባህል ሰው እንዳይደነግጥ ሞትን መደበቅ አለ፣ አይደለም?" አላቸው።

"አለ" አሉ ሐጂ። "ፈተና ያለበትን ልጅ፣ እርጉዝን ሴት እናቆያለን። ለሀዘንተኛው ብለን ነው።"

"እንግዲያው ደንበኞቼም ለእሷ አዝነው ነው።"

"ይሁን። እሷ አልሰማችም። እነሱ ግን ሰምተዋል" አሉ ሐጂ፣ ወደ ዳኛዋ ዞረው። "ክብርት ዳኛ፣ እኛ ዘንድ ዘመድ ሲሞት ቤት ይታወቃል። ሰው ይመጣል፣ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ሴቲቱ ጥቁር ትለብሳለች። ልጅቷ እንዳትሰማ ቢፈልጉ ለለቅሶ ሌላ ቤት ይቀመጡ ነበር፤ የእኔ ቤት አለ። ዘሀራ ዘመዳቸው ከሆነች በዚያ ሳምንት እኔ እነሱ ቤት የሄድኩት ለለቅሶ በሆነ ነበር። የሄድኩት ግን ለግብዣ ነው። የአሽከር እናት ስትሞት ነው እኛ አገር ቤቱ እንደወትሮው የሚውለው።"

አስተርጓሚው ሲጨርስ ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀምጠው ኢንጂነር ዓብዱልሀሚድን አዩት። እሱ ጠረጴዛውን አየ። ኢልሀም አንገቷን ደፍታ ነበር።

ፍርዱ የተነገረው በፈረንጆቹ 1998 መግቢያ፣ ሰማዩ አመድ በመሰለ ቀን ነው። ቀደም ብለን ተቀመጥን። በሩ ተከፈተ፤ ካፖርቱ፣ ሽቶው፣ ቦርሳው። ሀጂራ ወደ በሩ ዞረች፣ አየቻት፣ መልሳ ፊቷን አዞረች። እግሮቿ መሬት ላይ እንደተተከሉ ቀሩ። ወዲያው የፍርድ ቤቱ ሰው ጮክ ብሎ ሁሉም እንዲነሣ ተናገረ።

"ይሄ ለማን ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ለዳኛዋ። ሁላችንም ነን የምንነሣው።"

ወዲያ ማዶ አየች። ኢልሀም ተነሥታ ነበር። ከዚያ ሀጂራም ተነሣች፣ ረጋ ብላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ።

ዳኛዋ ረዘም አድርገው አነበቡ። ዘመድነት አልተረጋገጠም፤ ሰው ክፍት በር ባለው ቤትም ሊታሰር ይችላል፤ ይህች ሴት ያለ ፈቃዷ ተይዛ ሠርታለች፤ ዋጋዋ ይከፈላት፤ ፓስፖርቷ ዛሬውኑ ይመለስላት። ካረን አቀፈችኝ። ሐጂ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ጠረጉ። የእነሱ ጠበቃ ቡናማውን ደብተር በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገው፤ ሀጂራ ገልጣ ፎቶውን አየች። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ናት፣ ኤርፖርት ልትሄድ ፀጉሯን የተሠራች።

"እናቴ ናት የሠራችኝ" አለች።

በአውቶቡስ ወደ ቡሪየን ስንመለስ ፓስፖርቱን በሁለት እጇ ይዛዋለች። አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ብሎ በላያችን አለፈ። ቀና አላለችም። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስ ብሎኝም ነበር። ግን ያንን ደብተር የፈለገችው ለአንዲት ሴት ነው፤ ሴትዮዋ ደግሞ የለችም።

ቤት ገባን። ሀጂራ ጫማዋን አወለቀች፣ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ወደ ኋላ ተደገፈች። ፔርሙሱን አነሣሁ፤ እንደ ልማዷ ተነሥታ ትነጥቀኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተነሣችም። ሻዩን ቀድቼ እጇ ላይ ሰጠኋት። አንድ ጊዜ ፉት አለችና ስኒውን መልሳ ዘረጋችልኝ።

"ሠርኬ" አለች፣ "ስኳር ጨምሪልኝ።"

ጨመርኩላት።